አንድ ገበታ፣ አራት እጅ
የፕሮግረሲቭ ሮክ ዘፈኖች በሁለት ሰው ፒያኖ

ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለው የሙዚቃ ወገን ከተወለደ ጀምሮ ክስ ተለይቶት አያውቅም። ክሱ በብዙ ቃል ቢነገርም ሲጨመቅ አንድ ነው፤ «ከሙዚቃው ይልቅ ዕቃው ይበዛል» የሚል። እውነትም በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝ ወጣቶች ይዘውት መድረክ የሚወጡት ዕቃ ቀላል አልነበረም። ኦርጋኑ፣ ሲንተሳይዘሩ፣ ሜሎትሮኑ፣ ባለ ሁለት አንገቱ ጊታር፣ የመብራቱና የጭሱ ነገር ተደማምሮ ገና ዜማው ሳይጀመር ተመልካቹን ያስደነግጠው ነበር። ሪክ ዌክማን የሚያብረቀርቅ ካባ ደርቦ በኪቦርዶች ተከብቦ ይቆማል። ኪት ኤመርሰን በሐመንድ ኦርጋኑ ቁልፎች መካከል ቢላዋ ይሰካል። ፒተር ጌብሪኤል የቀበሮ ጭንብል አጥልቆ፣ ቀይ ቀሚስ ለብሶ ይዘፍናል። በ1975 ደግሞ ያው ዌክማን የንጉሥ አርተርን ታሪክ በለንደኑ ዌምብሌይ አዳራሽ በበረዶ ላይ ተንሸራታቾች አሳጅቦ አቀረበው። ይህ በሆነ በዓመት በሁለት ዓመቱ ፓንክ የሚባሉት ልጆች ብቅ አሉና በሦስት ኮርድና በአንድ ቁጣ ችሎቱን ዘጉት። ፍርዱም «ትዕቢት ነው» የሚል ሆነ።

ፍርዱ ትክክል ነበር ወይ? ይህን በክርክር መፍታት ያስቸግራል። ወዳጁ እንደ ወደደ፣ ጠላቱም እንደ ጠላ ይኖራል። ሆኖም አንድ ቀላል ፈተና አለ። ዕቃውን ሁሉ ከመድረኩ አውርዱት። ካባውን፣ ጭንብሉን፣ ከበሮውን፣ ኤሌክትሪኩን፣ ድምፃዊውንም ጭምር። ከዚያም ሁለት ሰው በፒያኖ ፊት አስቀምጡና ያንኑ ዘፈን ይጫወቱት። የሚተርፍ ነገር ከተገኘ ቀድሞውንም ሙዚቃ ነበረ ማለት ነው፤ ካልተገኘ ከሳሾቹ እውነታቸውን ነው።

ፈተናው በሐሳብ የቀረ አይደለም። ይንግቨ ጉዳልና ሮጀር ማተ የተባሉ ሁለት ኖርዌያውያን ፒያኒስቶች የጀነሲስን ዘፈኖች ለሁለት ግራንድ ፒያኖ አቀናብረው በ2002 በሲዲ አሳትመዋል፤ ሁለተኛ ቅጽም አስከትለዋል። በኒውዮርክ ደግሞ አዳም ክሮመሎውና አንጀሎ ዲ ሎሬቶ የተባሉ ወጣት ፒያኒስቶች ይህንኑ የጀነሲስ ሙዚቃ በሁለት ሰው ፒያኖ ይዘው መድረክ ላይ ቀርበዋል። ከእነዚህ ሌላ በየቤቱና በየሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ለራሱ ደስታ ኖታ እየጻፈ የሚጫወተው ብዙ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምሟገትለት ነጥብ አንድ ነው። አንድን ዘፈን ለአራት እጅ የሚያቀናብር ሰው፣ ወደደም ጠላ፣ በዘፈኑ ላይ ሒስ እየሰጠ ነው። ሒሱን የሚጽፈው በቃል ሳይሆን በጣት ስለሆነ ግን ብዙ ጊዜ ሒስ መሆኑ አይታወቅለትም። እንደ ማንኛውም ሒስ መልካምም ክፉም አለው፤ መለየቱ የእኛ የአድማጮቹ ሥራ ነው።

የሳሎን ውርስ

በአንድ ፒያኖ ላይ አራት እጅ ማሳረፍ የሮክ ሰዎች ፈጠራ አይደለም። ኤዲሰን በ1877 ድምፅ መቅጃውን ከመሥራቱ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ሸክላ በየቤቱ እስኪገባ ድረስ፣ አንድ የአውሮፓ ከተማ ነዋሪ አንድን ሲምፎኒ በኦርኬስትራ ሲጫወቱት የሚሰማው በዕድሜው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። ሲምፎኒው ወደ ቤቱ የሚገባው በፒያኖ በኩል ነው። እኅትና ወንድም፣ ባልና ሚስት፣ መምህርና ተማሪ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቤትሆቨንን በአራት እጅ ይጫወቱታል። ይህ ለአሳታሚዎችም ደኅና ገበያ ነበር። ብራምስ አራቱንም ሲምፎኒዎቹን ራሱ ለሁለት ተጫዋች አቀናብሯቸዋል። ስትራቪንስኪም «የጸደይ ሥርዓት» የተባለው ሥራው በ1913 ፓሪስ ላይ አዳራሹን ከማናወጡ በፊት፣ በ1912 ከደቡሲ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ በፒያኖ ተጫውቶታል። የአራት እጁ ኖታ የታተመውም የኦርኬስትራው ሙሉ ኖታ ከመታተሙ ከዓመታት በፊት ነው።

በዚያን ዘመን የአራት እጅ ቅንብር ሥራው ግልጽ ነበር። የራቀውን ያቀርባል፤ ያልተሰማውን ያሰማል። ዛሬ ግን የራቀ ነገር የለም። የ1973ቱን ሸክላ ያላገኘ ሰው በኪሱ ከያዘው ስልክ ያገኘዋል፤ ያውም ዋናውን፣ ከነከበሮውና ከነድምፃዊው። ታዲያ የዛሬው አቀናባሪ ምን ሊያመጣልን ነው የሚደክመው?

መልሱ ያለው ከሚጥለው ነገር ላይ ነው። አምስት ሰው ያለበት ባንድ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው ድምፅ ብዙ ነው፤ ቤዙ አለ፣ ጊታሩ አለ፣ የኪቦርዱ ሁለት እጅ አለ፣ ከበሮው አለ፣ ድምፃዊው አለ። በሌላው ወገን ያሉት ሃያ ጣቶችና 88 ቁልፎች ናቸው። ሁሉም አይገባም። አቀናባሪው በየመስመሩ «ይህ ይቅር፣ ይህ ይግባ» ማለት አለበት። እንዲያ ባለ ቁጥር ስለ ዘፈኑ አንድ ብያኔ ሰጠ ማለት ነው፤ አጥንቱ ይህ ነው፣ ሥጋው ያ ነው፣ ይኼኛው ደግሞ ጌጥ ነበር ይለናል። ዋናውን ቅጂ ሃምሳ ጊዜ ሰምተን ያልለየነውን አጥንት በአንድ ጊዜ ያሳየናል። ወይም አሳስቶ ያሳየናል።

አንድ ዘፈን በችሎት ፊት

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይሻላል። ጀነሲስ በ1973 «ሴሊንግ ኢንግላንድ ባይ ዘ ፓውንድ» በተባለው ሸክላ ላይ ያወጡት «ፈርዝ ኦቭ ፊፍዝ» የሚባል ዘፈን አለ። ርዝመቱ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። ስሙ ራሱ ቅኔ ቢጤ አለበት። በስኮትላንድ ፎርዝ የሚባለው ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ሰፊ የውኃ በር «ፈርዝ ኦቭ ፎርዝ» ይባላል። የወንዙ ስም በእንግሊዝኛ «አራተኛ» ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ ስለሚገጥም ልጆቹ «አምስተኛ» ብለው ተጫወቱበት።

ዘፈኑ የሚጀምረው በብቸኛ ፒያኖ ነው። ቶኒ ባንክስ የሚጫወተው ይህ መግቢያ ሲሰሙት እንደ ወራጅ ውኃ የለሰለሰ ቢመስልም ውስጡ ሌላ ነው። 2/4 የሆነ ምት ከ13/16 እና ከ15/16 ጋር እየተፈራረቀ ይሄዳል፤ እግሩን በምቱ ሊያንቀሳቅስ የሞከረ አድማጭ በሁለተኛው መስመር ላይ ይሳሳታል። ከዚያ ባንዱ በሙሉ ይገባና ጌብሪኤል ይዘፍናል። ቀጥሎ ዋሽንት መሰሉ የጌብሪኤል ፍሉት አንዲት ቀጭን፣ የምታዝን ዜማ ያሰማል። የመግቢያው የፒያኖ ዜማ በሲንተሳይዘር፣ በቤዝና በከበሮ ታጅቦ ይመለሳል። በመጨረሻም ያችው የፍሉት ዜማ በስቲቭ ሃኬት ጊታር፣ በረጅሙ እየተሳበች ትመጣለች። ጥቂት ዘፈን ይከተልና ፒያኖው ይዘጋዋል።

ልብ በሉ፤ ዘፈኑ የተሠራው ከሁለት ዜማ ነው፤ ሁለቱም ሁለት ሁለት ጊዜ ይመጣሉ፤ ሁለተኛው አመጣጣቸው ከመጀመሪያው የሚለየው በአብዛኛው በቀለም ነው። አንዱ ከፒያኖ ወደ ሙሉ ባንድ፣ ሌላው ከፍሉት ወደ ጊታር ይሸጋገራል። እዚህ ላይ የቀለም ለውጥ ጌጥ አይደለም፤ ታሪኩን የሚናገረው እሱ ነው። ፍሉቷ ያላለቀሰችውን ጊታሩ ያለቅስላታል። ታዲያ ቀለሙ ሁሉ ወደ አንድ የፒያኖ ድምፅ ሲወርድ ምን ይሆናል? ደካማ ቅንብር ያንኑ ዜማ በዚያው ድምፅ ሁለት ጊዜ ይነግረናል፤ ሁለተኛውን ስንሰማም «ይህን ብለኸን ነበር» እንላለን።

ጎበዝ አቀናባሪ ግን የቀለምን ሥራ ለክብደት ያሸክማል። የፍሉቷን ዜማ በላይኛው ቁልፍ፣ በአንድ ጣት፣ ከሥሯ ምንም ሳያኖር ብቻዋን ያስኬዳታል። የጊታሩ ተራ ሲደርስ ያችኑ ዜማ ወደ መካከለኛው ድምፅ አውርዶ፣ ከላይና ከታች በሌላው ተጫዋች እጅ ከቦ፣ ጊዜዋን አስረዝሞ ያመጣታል። ዜማዋ ያችው ናት፤ ቤቷ ግን ሌላ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚፈትነው ደግሞ መግቢያው ነው። መግቢያው አንድ ሰው በሁለት እጁ የሚጫወተው ነው። ሁለተኛው ሰው ምን ይሥራ? ፈተናው እዚህ ነው። ብዙዎች «ሁለት ሆነን ከተቀመጥን ሁለታችንም እንጫወት» ይሉና ከሥር ቤዝ፣ ከላይ ደግሞ ድርብ ኦክታቭ ይጨምሩበታል። ውጤቱ የተጨናነቀ ነው፤ ያ የሚፈስሰው ውኃ ይደፈርሳል። ደግሞም ዜማው በሙሉ ባንድ የሚመለስበት ሰዓት ሲደርስ የሚጨመር ነገር አይተርፍም፤ ሁሉ ነገር በመግቢያው አልቋል። እጁን አጣጥፎ የጠበቀው ሁለተኛ ተጫዋች ግን ያን ጊዜ ሲገባ አዳራሹ በአንድ ጊዜ የሰፋ ይመስላል። በአራት እጅ ጨዋታ ከባዱ ጥበብ ዝም ማለት ነው የምለው ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ መግቢያ ከባለቤቶቹ ይልቅ ለባዕዳን የተመቸ ሆኗል። ጀነሲስ ዘፈኑን መድረክ ላይ ሲያቀርቡት መግቢያውን ብዙ ጊዜ ትተው በቀጥታ ከዘፈኑ ይጀምሩ ነበር። በዚያን ዘመን ባንክስ ይዞት የሚዞረው የኤሌክትሪክ ፒያኖ ጣት ሲከብድና ሲቀል የማይለይ፣ ሁሉንም በእኩል ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ነበር። «በዕቃ የሚኖር ሙዚቃ» ተብሎ የተከሰሰው ዘፈን ዕቃው ራሱ የበደለው ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ፒያኖ ላይ ያስቀመጡት ሰዎች ወደ ቤቱ መለሱት እንጂ ከቤቱ አላስወጡትም።

ፒያኖ የማይችለው

ሚዛን ለመጠበቅ የሚጎድለውንም መቁጠር ይገባል። ፒያኖ አንድ ትልቅ ድካም አለበት፤ የመታው ድምፅ ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ መሞት ይጀምራል። ማሳደግ አይቻልም፤ ማጠፍም አይቻልም። ፕሮግረሲቭ ሮክ ደግሞ የሚወደው በትክክል እነዚህን ሁለቱን ነው።

የየስ «ራውንድአባውት» (1971) ጥሩ ምስክር ነው። የዘፈኑ የመጀመሪያ ድምፅ ከሩቅ እያበጠ መጥቶ ድንገት የሚቆረጥ ነገር ነው። ይህ ድምፅ የተሠራው ከፒያኖ ነው፤ ቴፑን ገልብጠው ወደ ኋላ አጫወቱት። ሞቱ መጀመሪያ፣ ልደቱ መጨረሻ ሆነ። እንግዲህ ይህን ዘፈን ለአራት እጅ የሚያቀናብር ሰው ገና በመጀመሪያው ኖታ ተሸንፏል፤ ያውም በፒያኖ ድምፅ። አማራጩ ሁለት ነው። ወይ ከሥር ጀምሮ በሚያድግ ትሬሞሎ ያስመስለዋል፤ ወይ ይተወውና ከጊታሩ መግቢያ ይጀምራል። በበኩሌ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ማስመሰል ቶሎ ይታወቃልና።

ሜሎትሮንም እንዲሁ ነው። ይህ መሣሪያ እያንዳንዱ ቁልፉ ሲጫን አንድ የቴፕ ቁራጭ የሚያጫውት ነው፤ በቴፑ ላይ የቫዮሊን፣ የፍሉት ወይም የመዘምራን ድምፅ ተቀድቶበታል፤ ቁራጩም ስምንት ሰከንድ ያህል ሄዶ ያልቃል። ኪንግ ክሪምዞን በ1969 ባወጡት የመጀመሪያ ሸክላቸው ላይ ያ ከባድ፣ እንደ ደመና የሚጋረድ ድምፅ የሱ ነው። ይህን ወደ ፒያኖ ለማምጣት ብዙ አቀናባሪዎች ኮርዱን በትሬሞሎ ያንቀጠቅጡታል። ያን ጊዜ አድማጩ ትዝ የሚለው የድምፅ አልባ ፊልም አጃቢ ነው፤ ወንበዴው ሊገባ ነው ብሎ በሩን ያያል። ከዚህ ይልቅ ኮርዱን አንድ ጊዜ አጥብቆ መትቶ በፔዳል ይዞ እስኪሞት ማድመጥ ይሻላል። ደመናው አይመጣም፤ በምትኩ የሚመጣው ጸጥታ ግን ክብር አለው።

የሚታጠፍ ድምፅ ጉዳይ ለእኛም አዲስ አይደለም። ግርማ ይፍራሸዋ የአገራችንን ዜማ ወደ ፒያኖ ያመጣባቸውን ሥራዎቹን የሰማ አንባቢ ጥያቄውን ያውቀዋል። «ባለ ዋሽንቱ እረኛ» የዋሽንትን ነገር የሚያነሣ ሥራ ነው፤ ዋሽንት ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ተንሸራትቶ ሲሄድ ፒያኖ ግን በሁለት ቁልፎች መካከል ምንም የለውም። የሮክ ጊታር ክር ሲሳብም ያው ነው። በዚህ ጊዜ ፒያኒስቱ መንሸራተቱን በፈጣን ጌጠኛ ኖታዎች ይጠቁመናል፤ የቀረውን ጆሯችን ይሞላል። የሚሞላው ግን ዋሽንቱን የሚያውቅ ጆሮ ነው። የፕሮግረሲቭ ሮክ ዱየትም እንዲህ ያለ ዕዳ አለበት። ዋናውን የሚያውቅ ሰው የጎደለውን በልቡ እየጨመረ ይሰማዋል፤ የማያውቅ ሰው የቀረበለትን ብቻ ይሰማል። ቅንብሩ በራሱ እግር መቆሙ የሚለየው በሁለተኛው ሰው ጆሮ ነው።

ከዚህ ላይ ፈተናውን ራሱን መፈተን ያስፈልጋል። ድምፁ ራሱ ሐሳብ የሆነበት ሙዚቃም አለ። ፒንክ ፍሎይድ በ1975 ያወጡት «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ» የሚጀምረው ሲንተሳይዘሩ ለረጅም ጊዜ በሚዘረጋው ኮርድ ላይ ነው፤ ከዚያ አራት የጊታር ኖታዎች በባዶ ሜዳ ላይ እንደ ተጣለ ድንጋይ ይወድቃሉ። ኖታዎቹን በፒያኖ መምታት ለልጅም አይከብድም። ሜዳው ግን የለም። ይህ ዘፈን በፒያኖ ፊት ወደቀ ብሎ ባዶ ነበር ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። የአራት እጁ ችሎት ሥልጣኑ በዜማና በኅብረ ድምፅ፣ በምትና በቅርጽ ላይ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ጉዳይ ወደ ሌላ ችሎት ይመራል።

ለአራት እጅ የተፈጠሩ የሚመስሉ

በሌላው ወገን ደግሞ ወደ ፒያኖ ሲመጡ ከዋናው ይበልጥ የሚጠሩ አሉ። ጀንትል ጃይንት የተባለው ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ኬሪ ሚኒር በለንደኑ የንጉሣውያን የሙዚቃ አካዳሚ ድርሰት የተማረ ሰው ነው። በ1975 «ፍሪ ሃንድ» በሚለው ሸክላ ላይ ያለው «ኦን ሪፍሌክሽን» አራት የሰው ድምፅ አንዱ ሌላውን እየተከተለ በሚገባበት ፉግ መሰል ዜማ ይጀምራል። አራት ድምፅ፣ አራት እጅ። አቀናባሪው ምንም አይጥልም፤ ለእያንዳንዱ እጅ አንድ ድምፅ ያካፍላል። በሸክላው ላይ የዘፋኞቹ ድምፅ ስለሚመሳሰል የማይለየው መስመር ሁሉ እዚህ እንደ ጥልፍ ክር ይለያል።

ኪንግ ክሪምዞንም በ1981 «ዲሲፕሊን» በሚለው ሸክላቸው ሮበርት ፍሪፕና አድሪያን ቤሉ ሁለት ጊታር እንደ ሁለት ጥርስ ያለው ጎማ እያጠላለፉ ተጫውተዋል። «ፍሬም ባይ ፍሬም» በሚለው ዘፈን ላይ ሁለቱ በአንድነት ይጀምራሉ፤ አንደኛው በየዙሩ አንዲት ኖታ እየጣለ ከሌላው ይርቃል፤ ርቆም አልቀረ፣ ዞሮ ይገናኘዋል። ይህ ጨዋታ ከጊታር ይልቅ ፒያኖ ላይ ጎልቶ ይታያል ብዬ አምናለሁ። ሁለቱ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ሲለያዩና ሲገናኙ በዓይንም ይታያልና።

የከበሮው ነገርም እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። ብዙ አቀናባሪዎች የከበሮውን አለመኖር ፈርተው ቤዙን እንደ ሙቀጫ ይወቅጡታል። አያስፈልግም። ሰባትም ይሁን አሥራ ሦስት፣ ያልተለመደ ምት ያለ ከበሮ ይሰማል፤ ሁለቱ ተጫዋቾች በአንድነት እስከ ተነፈሱ ድረስ። እንዲያውም ከበሮው ሲወጣ ምቱ ከሰውነት ወደ ሐሳብ ይመለሳል፤ አድማጩ ራሱ መቁጠር ይጀምራል።

ምስክር ወረቀት ፍለጋ

አሁን ወደ ዋናው ሥጋቴ ልምጣ። ይህን ሥራ ከሚሠሩት መካከል «ይኸው፣ ሮክም ጨዋ ሙዚቃ ነው» ለማለት የሚቀመጡ አሉ። ፈጣኑን ያዘገዩታል፤ ሻካራውን ያለሰልሱታል፤ በየመስመሩ መጨረሻ እንደ ሾፓን የሚንጠባጠብ ጌጥ ይጨምራሉ። የሚወጣው ነገር ሾፓንም አይደለም፣ ጀነሲስም አይደለም፤ በሆቴል አዳራሽ ከቡና ጋር የሚቀርብ ዓይነት ነው። ያ ዘፈን ሲወለድ የነበረው ድፍረት፣ አንዳንዴም ብልግና፣ ታጥቦ ወጥቷል። ይህ ለሮክ መሟገት አይደለም፤ ለሮክ ከክላሲካል ቢሮ ምስክር ወረቀት መለመን ነው።

መንገዱ የሁለት አቅጣጫ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው አይለምንም። ሙሶርግስኪ በ1874 በሞተ ወዳጁ በሐርትማን ሥዕሎች መታሰቢያነት «ሥዕሎች በኤግዚቢሽን» የተባለውን ሥራ ለፒያኖ ጻፈ። ራቬል በ1922 ለኦርኬስትራ አቀናበረው። ኤመርሰን፣ ሌክና ፓልመር ደግሞ መጋቢት 26 ቀን 1971 በኒውካስል ከተማ አዳራሽ በኦርጋን፣ በቤዝና በከበሮ ተጫውተው በሸክላ አወጡት። ብዙ ሐያስያን «ድፍረት ነው» አሉ። ነበር። ግን ኤመርሰን ሙሶርግስኪን ያከበረው በሐመንዱ ጩኸት ነው እንጂ ይቅርታ በመጠየቅ አይደለም። የሱን «ታርከስ» ወደ ፒያኖ የሚያመጣም ሰው ይህንኑ ድፍረት ሊውስ ይገባዋል። የ«ታርከስ» መክፈቻ በአምስት ምት የሚሽከረከር፣ የግራ እጅ ያለ ዕረፍት የሚፈጭበት፣ የቀኝ እጅ የሚያስደነግጥ ነው። ያን አለስልሶ ማቅረብ እሳትን በብርጭቆ አቅርቦ «ጠጡ» እንደማለት ነው። ጃፓናዊው አቀናባሪ ታካሺ ዮሺማትሱ በ2010 ለሙሉ ኦርኬስትራ ሲያዘጋጀው ይህን የተረዳ ይመስላል፤ ኦርኬስትራው እንዲጮህ ፈቅዶለታል።

ስለ ኤመርሰን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በ1993 የቀኝ እጁ ነርቭ ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ እጁ ከዚያ በኋላ ሲያስቸግረው ኖሮ በ2016 ዐረፈ። የየሱ ቤዝ ተጫዋች ክሪስ ስኳየር በ2015 አልፏል። ጀነሲስም መጋቢት 26 ቀን 2022 ለንደን ላይ የመጨረሻ ትርኢታቸውን ሲያቀርቡ፣ ያ ጎበዝ ከበሮ መቺ ፊል ኮሊንስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይዘፍን ነበር፤ ከበሮውን የመታው ልጁ ነው። ይህ ሙዚቃ ለጥቂት ሰዎች እጅ ተለክቶ የተሰፋ ነበር፤ እነዚያ እጆች ደክመዋል፣ አልፈዋልም። ከአሁን በኋላ ያለው ጥያቄ ልብሱ ለሌላ ሰው ይሆናል ወይ የሚለው ነው። ቅጂው በቴፕ መኖሩ አይበቃም። ቅጂ ያስታውሳል፤ ሙዚቃ የሚቆየው ግን እንደገና የሚጫወተው ሰው ሲያገኝ ነው። የባክ ሥራ ባክ ከሞተ በኋላ የኖረው በተማሪዎች ጣት ነው።

ስለዚህ የአራት እጁ ቅንብር ለኔ ከጨዋታ በላይ ነው። የኤመርሰን ብቸኛ ሁለት እጅ ያደርገው የነበረውን አሁን ሁለት ሰዎች ይካፈሉታል። በዌክማን ዘመን አንድ ሰው ብዙ ገበታ ከብቦት ይቆም ነበር፤ እዚህ አንዱን ገበታ ሁለት ሰው ይጋራዋል። ፔዳሉ አንድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከግራ የተቀመጠው ይረግጠዋል፤ ስለዚህ የዜማውን ርዝመት የሚወስነው ዜማውን የማይጫወተው ሰው ነው። አንዱ አሁን የለቀቀውን ቁልፍ ሌላው ወዲያው ይፈልገዋል፤ እጅ ከእጅ በላይ ያልፋል፤ ክርን ከክርን ይነካካል። በገበታ ሥርዓት ከፊት ለፊትህ ትበላለህ፣ ወደ ባልንጀራህ ወገን አትዘረጋም፤ ከዘረጋህም ለማጉረስ ነው። የአራት እጅ ጨዋታ ሕጉ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

እንግዲህ ፓንኮቹ ያቀረቡት ክስ «ትዕቢት» የሚል ነበር። የትዕቢቱ ድርሻ አልነበረም አልልም፤ ካባውና በረዶው ምስክር ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ከወረደ በኋላ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ እየጠበቀ የሚጫወቱት «ፈርዝ ኦቭ ፊፍዝ» ቆሞ ይሄዳል። «ኦን ሪፍሌክሽን»ም እንዲሁ። ሌሎች አሉ የሚወድቁ፤ ከሚወድቁትም ከፊሉ የወደቁት ከዚህ ችሎት ሥልጣን ውጭ ስለሆኑ ነው። ትዕቢተኛ ሙዚቃ ቢሆን ኖሮ ያለ ካባው ለመቀመጥ ባልፈቀደ ነበር። ፍርዱ ይግባኝ ይገባዋል፤ ይግባኙንም የሚጽፉት ሃያ ጣቶች ናቸው።